የክት ልብስ ያልያዘ ራት አይበላም?

ጠያቂዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ባለፈው ሰመር ከነልጆቼ ለ7 ሌሊት ካሪቢያን በመርከብ ሄድን። የማን መርከብ እንደሆነ ይቅር። በሁለተኛው ማታ «ፎርማል ናይት» ነው፣ ራት በክት ልብስ ነው ተባለ። ባሌ ጂንስ ለብሶ ራት አዳራሹ ገባ፤ ማንም ምንም አላለውም። የ15 ዓመት ልጄን ግን ቁምጣ ነው ብለው ከበር መለሱት። ከቤት ተኩሼ የያዝኩትን ሸሚዝ ለብሶ እኮ ነው! ሁላችንም ተነስተን ላይኛው ፎቅ ቡፌ ሄድን። የከፈልነው ከሁሉም እኩል ነው። በገንዘቤ ለምበላው ራት ስለ ልብስ ምን አስጨነቀኝ? እኔ ፎርማል ናይት ይቅር እላለሁ። እናንተስ?

የአትላንታው፦ እኔ ይኑር እላለሁ። እኛ እኮ የክትና የዘወትር ለይተን ያደግን ነን። ቀኑን ሙሉ ገንዳ ዳር በነጠላ ጫማ ሲጎተት የዋለ ሰው ለሁለት ሰዓት ሱሪ ቢያጠልቅ ምን ይሆናል? በ7 ሌሊት ጉዞ ብዙ ጊዜ ሁለት ማታ ብቻ ነው። ደግሞ ቀድሞ ይነገራል። ሳያነቡ መጥቶ በር ላይ መከራከር ደስ አይልም።

ባለሁለት ልጁ፦ ወንድሜ፣ ሻንጣውን ማን ይሸከምልህ? መርከቡ የሚነሳበት ማያሚ ድረስ በአውሮፕላን ነው የምንሄደው። አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ፣ እሱም ተከፍሎበት። ሱፉ፣ ጫማው፣ የሚስቴ ረጅም ቀሚስ፣ በዓመቱ የማይሆነው የልጆቹ ልብስ... ደግሞ ፎቶ አንሺዎቹ በዚያው ማታ መብራትና መጋረጃ ዘርግተው የሚጠብቁህ ለምን ይመስልሃል? ፎቶው ይሸጣላ! ክብር የምትሉት ግማሹ ገበያ ነው።

ጋሼ (ለንደን)፦ ልጆች፣ መርከብ ሁሉ አንድ አይደለም። እኔ በኩዊን ሜሪ 2 ከሳውዝሃምፕተን ኒውዮርክ ተሻግሬያለሁ። እስከ ወደቡ በባቡር ስለሄድኩ የኪሎ ጣጣ አልነበረብኝም። ቀን ቀን ከውሃ ሌላ የሚታይ የለም፤ ሰዉ የሚጠብቀው ማታውን ነው። ፎርማል ናይቱን እነሱ ጋላ ማታ ይሉታል፤ ያን ማታ ወንዱ ቱክሲዶ ወይም ጥቁር ሱፍ ከነከረባቱ ይለብሳል። ያልፈለገ ኪንግስ ኮርት ቡፌ ይሄዳል፣ ጦሙን አያድርም። የመርከቡን ባለቤት የኩናርድን ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ይህንኑ ፈልጎ ነው። ይህ ያልጣመው ደግሞ ኖርዌጂያን የሚባለው የመርከብ ኩባንያ አለለት፤ እነሱ ገና እ.ኤ.አ. በ2000 «ፍሪስታይል» ብለው ነገሩን አቅልለውታል። ሰለብሪቲ የሚባለው ኩባንያም በ2015 ፎርማል ናይትን ትቶ «ኢቭኒንግ ቺክ» ወደሚባል ቀለል ያለ አለባበስ ዞሯል።

ነርሷ፦ ጋሼ ልክ ብለዋል። ኩናርድ የአገር ባህል የክት ልብስንም ይቀበላል፤ እኔ የሀበሻ ቀሚሴን ለብሼ ነው የገባሁት። አጠገቤ የተቀመጠች እንግሊዛዊት ሴትዮ ጥለቱን በጣቷ እየዳሰሰች «በእጅ ነው የተሠራው?» አለችኝ። አስተናጋጁ ሾርባውን ሲያስቀምጥ የነጠላዬን ጫፍ ከሳህኑ ላይ በሁለት ጣቱ አነሳልኝ። ሻንጣ ውስጥ ሲታጠፍም ቦታ አይፈጅም። ወንዶችስ እጀ ጠባብ አላችሁ አይደል?

ባለሁለት ልጁ፦ እጀ ጠባብ ለብሼ ብገባ ሙሽራው መጣ ብለው ነው የሚያጨበጭቡልኝ።

ጠያቂዋ፦ ጋሼ፣ ያሉት ገብቶኛል። በሚቀጥለው ደንቡን አይቼ ነው መርከብ የምመርጠው። የከፋኝ ግን ሌላ ነው። ደንብ ካለ ለባሌም ይሥራ! ጂንሱን እንዳላየ አልፈው ቁምጣውን ሲመልሱ ነው ያበሸቁኝ።

የአትላንታው፦ እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ። በረኛው ደስ እንዳለው የሚያስገባ ከሆነማ ምኑን ደንብ ሆነ? ለመሆኑ ልጁ ምን አለ?

ጠያቂዋ፦ እሱማ ደስ ብሎት! አይስክሬሙ ያለው ቡፌው ጋ ነው።