ቦንድራ የዝና አዳራሽ ይገባዋል ወይስ 503 ጎል ብቻውን አይበቃም?

ሰባተኛ ጎዳና፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ ኳሱን ለአንድ ቀን ተዉትና ሆኪ እናውራ፣ የዲሲ ሰዎች ነን እኮ። በ2025 ሩሲያዊው አጥቂ አሌክሳንደር ሞጊልኒ ለሆኪ የዝና አዳራሽ ሲመረጥ ደስ አለኝ፣ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ንድድ አልኩ። የኛው ቦንድራስ? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።)

ለማታውቁት፣ ፒተር ቦንድራ ዩክሬን ሉትስክ ተወልዶ ስሎቫኪያ ያደገ፣ ከ1990 እስከ 2004 ለዋሽንግተን ካፒታልስ የተጫወተ አጥቂ ነው። በሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ በ1081 ጨዋታ 503 ጎል። 472ቱ በካፕስ ማሊያ። ኦቬችኪን በ2015 እስኪያልፈው ድረስ በክለቡ ታሪክ ከሱ በላይ ያገባ አልነበረም። ሞጊልኒ 473 ነው ያለው። 503 ይበልጣል 473? እኔ ሒሳብ ወድቄ ነው ከአገር የወጣሁት፣ ይቺን ግን አልስታትም።

ደብተራ ቁጥር፦
ሒሳብ መውደቅህማ ያስታውቃል ሃሃ። ሞጊልኒ እኮ 473ቱን ያገባው በ990 ጨዋታ ነው። በ1992-93 ብቻ 76 ጎል አለው። ለሌላው ያመቻቸው ሲደመር ነጥቡ 1032 ይደርሳል፣ የቦንድራ 892 ነው። የቦንድራ አሲስት ከጎሉ ያንሳል፣ 389። ሰውየው ፓኩ (በዱላ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ) እጁ ከገባ ለማንም አይመልስም፣ መምታት ብቻ። በዚያ ላይ ሞጊልኒ በ1988 የኦሎምፒክ ወርቅ፣ በ2000 ደግሞ ከኒው ጀርሲ ጋር የሊጉ ሻምፒዮን የሚወስደው ስታንሊ ዋንጫ አለው። በ1989 ከሶቪየት ቡድን ጠፍቶ አሜሪካ የገባ ልጅ ነው፣ የሱ መውጣት ብቻውን ታሪክ ነው። ቦንድራ በጣም ጥሩ ነበር፣ አልክድም። ግን በጣም ጥሩ የሆነ ሁሉ አዳራሽ ከገባ አዳራሽ አይበቃም፣ ስታዲየም ይከራዩ።

ሰባተኛ ጎዳና፦
76 ጎል እያልክ አታስፈራራኝ። በዚያ ዓመት በአንድ ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች ተደምረው በአማካይ ከ7 ጎል በላይ ያገቡ ነበር። በ1997-98 ወደ 5.3 ወርዷል። ለምን? ኒው ጀርሲ በ1995 መሃል ሜዳውን ዘግቶ ዋንጫ ሲበላ ሁሉም ኮረጀው፣ የበረኛው ትጥቅ ፍራሽ አከለ፣ ተከላካይ አጥቂውን በዱላ እየጎተተ ዳኛ ዞር ይላል። ቦንድራ በዚህ መሃል ነው 52 ጎል ያገባው፣ ያውም ሁለት ጊዜ፣ በ1995-96 በ67 ጨዋታ ብቻ፣ በ1997-98 ደግሞ እንደገና። የጥጋብ ዘመን እንጀራና የድርቅ ዘመን እንጀራ በአንድ ሚዛን ይመዘናል?

ሌላም አለ። በ1994-95 ሊጉ በባለቤቶቹና በተጫዋቾቹ ጠብ ምክንያት ወደ 48 ጨዋታ ሲያጥር 34 አግብቶ አንደኛ ወጣ። በ1997-98 ከቴሙ ሴላኔ ጋር እኩል አንደኛ። ለሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ የሚሰጠው የሮኬት ሪሻር ዋንጫ የተጀመረው መቼ ነው? በ1998-99! አንድ ዓመት ዘገየበት። ሁለት ጊዜ አንደኛ ወጥቶ ቤቱ የሚያስቀምጠው ዋንጫ የለውም። ይሄ ዕድል ነው እንጂ ችሎታ አይደለም።

ጋሽ ታክሲ፦
እኔ ሆኪ የተማርኩት ከተሳፋሪ ነው። በ1997 መጨረሻ የካፕስ ስታዲየም ኤምሲአይ ሴንተር ቻይና ታውን ሲከፈት ለኛ ለባለታክሲዎቹ ሰርግ ነበር፣ ከዚያ በፊት ካፕስ ሜሪላንድ ላንዶቨር ነበር የሚጫወተው። ያኔ ሜትር የለም፣ በዞን ነው የምናስከፍለው። ጨዋታ ሲያልቅ ሰው እንደ ጎርፍ ይወጣል፣ ካሸነፉ ቲፕ አለ፣ ከተሸነፉ በሩን ይወረውሩብሃል። ታዲያ የካፕስ ማሊያ ለብሶ የሚገባው ሰው ወሬው ምን ነበር? ቦንድራ፣ ቦንድራ፣ ቦንድራ። እኔ "ቦንድራ" የሚባል የመንደር ስም መስሎኝ ነበር መጀመሪያ።

በ1998ቱ ክረምት፣ ማለት በፈረንጅ ግንቦትና ሰኔ፣ ካፕስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጻሜ ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ ስሠራ አደርኩ። ከቡፋሎ ጋር ሦስተኛውን ጨዋታ በተጨማሪ ሰዓት ያሸነፉት በሱ ጎል ነው፣ በረኛው ደግሞ ያ ሃሼክ፣ የዚያኑ ዓመት ናጋኖ ላይ ለቼክ ወርቅ ያመጣው። ሃሼክ ላይ ያገባ ሰው እኔ ዘንድ አዳራሽ ገብቷል። አዳራሹ ያለባት ቶሮንቶ የፈለገችውን ትበል።

ደብተራ ቁጥር፦
ጋሼ በክብር እመልስልዎታለሁ። ፍጻሜው ላይስ? ዲትሮይት 4 ለ 0 ጠርጎ አባረራቸው። ቦንድራ በሙሉ ሕይወቱ 80 የፕሌይኦፍ (ለዋንጫው የሚደረገው ጥሎ ማለፍ) ጨዋታ፣ 30 ጎል። መጥፎ አይደለም፣ ግን በአንድ ፕሌይኦፍ ቡድን ተሸክሞ ዋንጫ ያመጣበት ጊዜ የለም። በዓመቱ መጨረሻ በሚመረጠው የኮከቦች ቡድን ውስጥ አንደኛም ሁለተኛም ላይ አንድም ጊዜ ገብቶ አያውቅም። አንድም ጊዜ! የኖረበት ዘመን ሰው ራሱ ከሁለቱ ምርጥ የቀኝ ክንፎች አንዱ ነው ካላለው፣ እኛ ከ25 ዓመት በኋላ ምን ቤት ነን?

ሰባተኛ ጎዳና፦
የቀኝ ክንፍ እነማን ነበሩ? ያግር። ሴላኔ። ሞጊልኒ። ቡሬ። በዚያ ዘመን ቀኝ ክንፍ መሆን ማለት በነኃይሌና በነቀነኒሳ ዘመን አሥር ሺህ መሮጥ ማለት ነው። አራተኛ የወጣው ሰውዬ በሌላ አገር ብሔራዊ ጀግና ነበር።

የሩር ልጅ፦
ከዚህ ሁሉ ክርክር የገባኝ ነገር ቢኖር እኛም አያቶቻችን በገና በዓል ያንኑ ጨዋታ በሳር ላይ ይጫወቱ እንደነበር ነው። ቆልመም ያለ ዱላ፣ ሩር፣ ግርግር፣ የተሰበረ ቅልጥም። በረዶው ብቻ ነው የቀረን። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ተብሏልና ደብተራ አትቆጣ፣ ግን አንተ ጨዋታውን አይተኸው ታውቃለህ ወይስ ከሠንጠረዥ ነው የምታወራው? እኔ የድሮ ቪዲዮ ሳይ ያስደነገጠኝ ፍጥነቱ ነው። በ1997 እና በ1999 በኮከቦች ቀን ከሊጉ ሁሉ ፈጣኑ እሱ ሆኖ አሸንፏል። ካፕስ አንድ ሰው ቅጣት ገብቶበት ጎድሎ ሲጫወት እንኳ ፓክ ነጥቆ ይሄዳል፣ ተከላካዩ ዞሮ ሳይጨርስ ጎል ነው። በ1994 የካቲት ከታምፓ ጋር በአንድ ጨዋታ 5 አግብቷል፣ አራቱን በ4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ውስጥ። እኔ በ4 ደቂቃ ቡና አላፈላም።

አሌክሳንድሪያ ነኝ፦
እኔ ልጄን ልምምድ አድርሼ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የማነባችሁ። የ11 ዓመት ልጅ ነው፣ የበረዶ ጫማውና ትጥቁ ከኔ የወር አስቤዛ ይበልጣል። ቦንድራ ማን ነው ብዬ ብጠይቀው "ኦቪ ሪከርዱን የሰበረበት ሰውዬ" አለኝ፣ ኦቬችኪንን ማለቱ ነው። በቃ ይኸው ነው። 14 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ከአንድ ከተማ ጋር የኖረ ሰው የሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ አንዲት መስመር ሆነ። ደግሞ ኦቬችኪን በሚያዝያ 2025 የግሬትዝኪን የሊጉን የጎል ሪከርድ 894 አልፎ 895 ካስገባ በኋላማ ከሱ በፊት ሆኪ እዚህ ከተማ የነበረም አይመስላቸውም።

ደብተራ ቁጥር፦
እህቴ እሱ ነው እኮ የኔም ነጥብ። ካፕስ በ2004 ሁሉንም ሸጠ። ያግር ወደ ኒውዮርክ፣ ጎንቻር ወደ ቦስተን፣ ቦንድራ በየካቲት ወደ ኦታዋ። ቡድኑ ወደቀ፣ ወጣት ተጫዋች ቀድሞ ለመምረጥ የሚጣለው ዕጣ ወጣለት፣ ኦቬችኪንን አንደኛ መረጠ። የ2018ቱ ዋንጫ ከዚያ ነው የመጣው። ጨካኝ ነው ግን ክለቡ ተጠቅሟል።

ጋሽ ታክሲ፦
ክለቡ ይጠቀም። ሰውየው ግን ጋዜጠኞች ፊት አለቀሰ። ይሄን ያየ ሁሉ ያስታውሳል። ሚሊየነር ነው ምን ያስለቅሰዋል ያለኝ ተሳፋሪ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከተማ ለቆ መሄድ ምን እንደሆነ ለኔ አትነግረኝም አልኩት። ቲፕ አልሰጠኝም።

ሰባተኛ ጎዳና፦
ደብተራ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ። የድሮው የካፕስ አጥቂ ማይክ ጋርትነር የዝና አዳራሽ ውስጥ ነው ወይስ አይደለም?

ደብተራ ቁጥር፦
ነው። ከ2001 ጀምሮ። 708 ጎል አለው ግን፣ ስንት ልዩነት!

ሰባተኛ ጎዳና፦
ዋንጫ አለው? የለውም። በሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆኖ ያውቃል? አያውቅም። ቦንድራ ሁለት ጊዜ ሆኗል። የጋርትነርን 11 ቁጥር ካፕስ በ2008 ከጣሪያው ሰቅሎለታል፣ ደስ ይበለው፣ ጨዋ ሰው ነው። ግን አንተ ዋንጫ የለውም፣ የኮከቦች ቡድን አልገባም እያልክ ቦንድራን በዘጋህበት በር ጋርትነር እንዴት ገባ?

ደብተራ ቁጥር፦
በ708 ገባ አልኩህ እኮ። 503 ከሆነ መለኪያው ኪት ካቻክም 538 አለው፣ ፓት ቨርቢክም 522 አለው፣ ሁለቱም ውጭ ናቸው። 500 ጎል የመግቢያ ቲኬት አይደለም።

የሩር ልጅ፦
ካቻክንና ቨርቢክን ተዋቸው፣ ቦንድራ ለአገሩ ምን አደረገ? ስሎቫኪያ በ1993 ነው ራሷን የቻለችው፣ በ1994 ከሦስተኛ ምድብ ጀመረች። በ2002 ስዊድን ጎተንበርግ ላይ ሩሲያን 4 ለ 3 አሸንፋ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን አራተኛዋን ጎል፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቀር፣ ማን አገባ? ያው እሱ። አዳራሹ የኤንኤችኤል አዳራሽ አይደለም፣ የሆኪ አዳራሽ ነው።

ደብተራ ቁጥር፦
...እሺ ይቺን ረስቻት ነበር። ይቺ ትከብዳለች። ግን አሁንም 18 ሰው በር ዘግቶ ነው የሚመርጠው፣ 14 ድምፅ ያስፈልጋል። 14 ሰው የሚያሳምን አይመስለኝም። እኔ አንዱ ብሆን? አላውቅም፣ ምናልባት ባቄላ አንስቼ እጥል ነበር።

አሌክሳንድሪያ ነኝ፦
ልጄ ወጣ። የጎተንበርጓን ጎል በስልኬ አሳየሁት፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አየና "ለምን ቀደም ብለሽ አላሳየሽኝም" አለኝ።

ጋሽ ታክሲ፦
በሉ ደህና እደሩ፣ ሦስተኛው ፔሬድ ሊያልቅ ነው። ሰባተኛ ጎዳና ላይ ቶሎ ካልቆምኩ ኡበሮቹ ይጠርጉታል።