የሰራሁት የኮረንቲ ፊልተር ሳጥኑ ይነዝረኛል፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ኤሌክትሮኒክስ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ፍሪጁ በተነሳ ቁጥር ስፒከሬ ጧ ስለሚል፣ ለአምፕሊፋየሬ የኮረንቲ ፊልተር (ከኮረንቲው ጋር የሚመጣውን ረብሻ የሚያጣራ) ልስራ ብዬ ከተቃጠለ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ላይ ኮይሉንና ካፓሲተሮቹን ነቅዬ ብረት ሳጥን ውስጥ ገጠምኳቸው። በፌዝና በኒውትራል መሀል 0.22 ማይክሮፋራድ ኤክስ 2 ካፓሲተር፣ ከሁለቱም ወደ ሳጥኑ ደግሞ 4.7 ናኖፋራድ ዋይ ካፓሲተር (ረብሻውን በሳጥኑ በኩል ወደ አርዝ የሚያወርድ)፣ መግቢያው ላይ ፊውዝ አለው። ጧ የሚለው በጣም ቀንሶልኛል፣ ዝዝዝ የሚለው ግን እንዳለ ነው።

የጨነቀኝ ሌላ ነው፣ ሳጥኑን በእጄ ጀርባ ስነካው ይነዝረኛል፣ በቴስተር ከሳጥኑ ወደ ኒውትራል ስለካው 108 ቮልት አሳየኝ፣ የ220 ግማሽ ማለት ነው። ቆጣሪውን አጥፍቼ ሶኬቱን ስፈታው የአርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው መስመር) ብረቱ አለ፣ ከኋላው ግን ምንም ሽቦ አልታሰረበትም! ስለዚህ በዋይ ካፓሲተሮቹ በኩል ሳጥኑ ላይ የሚደርሰው ኮረንቲ ወደ መሬት መውረጃ የለውም ማለት ነው። ቤቱ የኪራይ ነው፣ የቆየ ቤት።

አንድ ልጅ ሳጥኑን ከኒውትራል ጋር እሰረው አለኝ፣ እሱን በፍጹም አላደርግም፣ ኒውትራሉ ከተቋረጠ ወይ ሶኬቱ ተገልብጦ ከተሰካ ሳጥኑ በሙሉ ፌዝ ይሆናል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ገና የምትድህ ልጅ አለችን።

ዋይ ካፓሲተሮቹን ባወጣቸው ፊልተሩ ይጠቅመኛል ወይስ አከራዬን ለምኜ አርዝ ላስቀብር? አርዝ ያስቀበራችሁ ካላችሁ ዘንጉን ስንት ሜትር አወረዳችሁት? እስከዛ ነቅዬ አስቀምጬዋለሁ።