ኮምቦልቻ፦ የአያቴ አልቤርጎ ዕድሜው ስንት ይሆን?

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ፣ ወደ ባቲ በሚወጣው መንገድ ዳር አያቴ አልቤርጎ ነበራት። አሁን ልጆቿ ይታደስ ይላሉ። አንዱ አጎቴ ደግሞ አፍርሰን ፎቅ እናቁም ባይ ነው። አያቴ በሕይወት ሳለች «ጣልያን ነው የሠራው» ትል ነበር። እኔ አላመንኩም፤ እዚህ አገር ግድግዳው የወፈረ ቤት ሁሉ የጣልያን ነው ይባላል።

ፊቱ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በረንዳው ሦስት ቅስት አለው። በስተግራ ሰፊ የላሜራ በር አለ። ከበሩ ወዲያ ግቢ፣ በግቢው ዙሪያ ዘጠኝ ክፍል። የኋላዎቹ ሦስቱ ጭቃ ናቸው። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ባንኮው ፊት ያለውን የሰው እግር አጎድጉዶታል። ያልገባኝ ነገር፦ ግቢው ውስጥ፣ ግራና ቀኝ ጥግ ላይ፣ ሁለት ማድ ቤት አለ። ለዘጠኝ አልጋ ሁለት ማድ ቤት ምን ያደርጋል?

ግንበኛው ከደሴ፦
ሚስማር ያዝና በድንጋዮቹ መሀል ያለውን ማያያዣ ጫር አድርገው። ነጭ ዱቄት ሆኖ ከረገፈ ኖራ ነው። ግራጫ ሆኖ እምቢ ካለ ሲሚንቶ። ኖራ ከሆነ ቆየት ያለ ነው፤ ግን እሱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንህም። ጣልያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 1928 ነው፤ የወጣው በ1933። ከዚያ በኋላም እዚሁ ቀርቶ ሲገነባ የኖረ ጣልያን ብዙ ነው። ስለዚህ እጃቸው ያረፈበት ሁሉ የወረራው ዘመን ቤት አይደለም። ትልቅ ቤት መሥራትም በእነሱ አልተጀመረም፤ እዚሁ ደሴ ያለው የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ እኮ ከ1909ኙ የሰገሌ ጦርነት በፊት የቆመ ነው።

አደራህን፣ ጭቃዎቹን ክፍሎች በሲሚንቶ እንዳታስለስን። እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ልስኑ እንደ ቅርፊት ይነሳል፤ ውስጥ ለውስጥ እንጨቱ ይበሰብሳል። የአክስቴን ቤት ያበላሸሁት እንዲህ ነው፤ እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች።

ረዳት ነበርኩ፦
ልጄ፣ እኔ ስለ ኖራ አላውቅም። ያ የላሜራ በር ግን ለሰው አልተሠራም፤ ለመኪና ነው። ከአሰብ ጭነን ስንመጣ ኮምቦልቻ ማደር ግድ ነበር። ከሚሌ በረሃ ወጥተህ፣ ባቲን አልፈህ፣ ሞተሩም ሰውም ግሏል። ወደ ደሴ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ይጠብቅሃል። ዶሮ መዝለያን በጨለማ ከነጭነት ማን ይወጣል? የእኔ ሾፌር ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት ጭነት መኪና ነበር የሚነዳው፤ እሱን ያስተማረው ሾፌር ደግሞ የድሮውን ፊያት፣ ትሬንታ ኳትሮን። ጭነቱ ደጅ ካደረ ረዳት አይተኛም። እናም አልቤርጎ የምንመርጠው በአልጋው ልስላሴ አልነበረም፤ በበሩ ስፋት ነበር። እስቲ ለካው።

ማድ ቤቱ ምኑ ይገርማል? የወሎ ልጅ አይደለህም እንዴ? አንዱ የሙስሊም ነው፣ አንዱ የክርስቲያን። እርዱ ለየብቻ፣ ድስቱ ለየብቻ። አያትህ ሁለቱንም ማብላት ካልቻለች ግማሽ ገበያዋ ጎረቤት ገባ ማለት ነው። ቡናው ግን አንድ ነበር።

በኋላ የአዋሽና ሚሌ መንገድ ሲከፈት፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና በዚያ ዞረ። ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር ደግሞ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። እኔም ያኔ ነው መኪና የተውኩት።

የቦርከና ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በሩን ለካሁት፤ 3 ሜትር ከ40 ነው። ማያያዣውንም ጫርኩ። እስከ ቅስቱ ድረስ ኖራ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሚንቶ። በሁለት ጊዜ የተሠራ ይመስላል፤ አያቴም እኔም ግማሽ ግማሽ ልክ ነን።

ማድ ቤቶቹን ገብቼ አየኋቸው። የቀኙ መቃን ላይ በቢላ የተጫረ ትንሽ መስቀል አለ። የግራው ደጃፍ ላይ ዝቅ ያለ የድንጋይ መቀመጫና የውሃ መውረጃ ቦይ አለ። እናቴን ብጠይቃት «ውዱ ማድረጊያ ነዋ፣ ለሶላት መታጠቢያ፤ ምን መሰለህ?» አለችኝ። ልጅ ሆኜ ኳስ ተጫውቼ ስመጣ እግሬን የምታጠብበት ነበር።