ካናዳ ያለው ወንድሜ ኬዙ ሁለቴ ተከለከለ፤ ከደሴ ሆነን ምን እናግዘው?

የሆጤ ልጅ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ታናሽ ወንድሜ ቶሮንቶ ጥገኝነት ጠይቆ ተከለከለ። ይግባኝ ብሎ ነበር፤ የስደተኞች ይግባኝ ክፍሉም ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ውድቅ አደረገበት። አሁን የቀረው ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው ይሉናል። እናታችን እንቅልፍ አጥታለች። እኔም ከቀበሌ አዲስ ደብዳቤ ለማጻፍ ደፋ ቀና እያልኩ ነው። ይጠቅመዋል? እስከዚያው ዲፖርት ያደርጉት ይሆን?

ጋሽ ኮምቦልቻ፦ አብሽር የኔ ልጅ። የእህቴ ልጅ አሜሪካ እንዲሁ ገጥሞት ፍርድ ቤት ለማመልከት 30 ቀን ነበረው። ተረጋግታችሁ ሥሩ።

ወሎየዋ ከቶሮንቶ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የአሜሪካው ሌላ ነው። ካናዳ ውስጥ ለተሰጠ ውሳኔ ያለው ጊዜ 15 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ውሳኔው ከደረሰው ቀን ጀምሮ ነው። ማክሰኞ ከደረሰው ግማሹ አልፏል ማለት ነው። ዛሬውኑ ጠበቃ ይያዝ።

ፍርድ ቤቱ ጥገኝነት አይሰጥም። የሚያየው ውሳኔው ምክንያታዊ ነው ወይ፣ አካሄዱስ ፍትሐዊ ነበር ወይ የሚለውን ነው። መጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቃል። ዳኛው ወረቀቱን ብቻ አይቶ «አይሰማም» ካለ ይግባኝ የለውም፤ እዚህ ላይ ወድቆ የሚቀረው ሰው ብዙ ነው። ተሰምቶ ካሸነፈ ደግሞ ኬዙ ተመልሶ በሌላ ሰው እንደገና ይታያል። የቀበሌው ደብዳቤ ለዚህ አይሆንም፤ በመሠረቱ የሚታየው ይግባኝ ክፍሉ ፊት የነበረው ማስረጃ ነው። ይልቅ ውሳኔውን አንብቡት። የተዘለለ ነገር አለ?

የሆጤ ልጅ፦ አሁን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ገጽ 9 ላይ «መታከሙን የሚያሳይ ማስረጃ አላቀረበም» ይላል። የክሊኒኩን ወረቀት፣ ያ ክብ ማኅተም ያለበትን፣ ከነትርጉሙ ገና ድሮ በዲኤችኤል ልከንለት አስገብቶታል እኮ!

ወሎየዋ ከቶሮንቶ፦ ይሄማ ትልቅ ነገር ነው! ጠበቃው ወረቀቱ መዝገቡ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጥ። ዋና ማስረጃን እንዳላዩ ማለፍ ውሳኔ ሊያሽር ይችላል። ዲፖርቱን በተመለከተ፣ በ15 ቀኑ ውስጥ ማመልከቻውን ካስገባ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ የማስወጣት ትእዛዙ በራሱ ይታገድለታል። ቀኑ አልፎት ማራዘሚያ ከጠየቀ ግን እግዱ በራሱ አይመጣም። የምጨቀጭቅህ ለዚህ ነው።

የመርሳው፦ ስለ ገንዘቡም ልበል። የፍርድ ቤቱ ክፍያ 50 የካናዳ ዶላር ነው፤ የሚከብደው የጠበቃው ነው። ቶሮንቶ ባለችበት ክፍለ ሀገር የሕግ ድጋፍ የሚሰጠው ሊጋል ኤድ ኦንታሪዮ ለስደተኛ ጉዳይ ስለሚረዳ ይደውልላቸው። «ዳኛ አውቃለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ስልኩን ዝጉበት። እኛ ሰፈር በሬ ተሽጦ የተላከ ብር እንዲሁ ውሃ በልቶታል። የጠበቃው ስም በኦንታሪዮ የጠበቆች ማኅበር ድረ ገጽ ላይ ይፈለግ፤ ከሌለ ሳንቲም እንዳትልኩ።

የሆጤ ልጅ፦ አላህ ይስጣችሁ። ደብዳቤውን ልተወው ታዲያ?

ወሎየዋ ከቶሮንቶ፦ አትተወው፣ ግን አትሩጥበት። ፍርድ ቤቱም እንቢ ቢለው፣ ከዚያ 12 ወር አልፎ እዚሁ ካለ፣ ከመባረሩ በፊት የአደጋ ግምገማ የሚጠይቅበት መንገድ አለ። ከተከለከለ በኋላ የተገኘ አዲስ ማስረጃ እዚያ ይታያል። ታዲያ «ጨዋ ልጅ ነው» የሚል ደብዳቤ እንዳታጽፍ። የሚጽፈው ሰው በዓይኑ ያየውን፣ ቀኑንና ቦታውን ይጥቀስ፤ ስልኩንም ከሥር ያስፍር።