ሜዲኬር የሚቀበል የአኩፓንቸር ክሊኒክ የምታውቁ

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አብረን ነው የምንኖረው። ወገቧን ካመማት ከዓመት በላይ ሆኗታል። ለልቧ ዋርፋሪን የተባለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ስለምትወስድ አይቡፕሮፌን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ተከልክላለች። ፊዚዮቴራፒ ትንሽ ያሻላትና መልሶ ይነሳባታል።

አንዲት ናቹሮፓት (በተፈጥሮ መድኃኒት የምታክም) የእርድ እንክብል ሰጠቻት። ከዚያ አይኤንአር የሚሉት የደም መቅጠን ልኬቷ ከ3 በላይ ወጣ፤ ሐኪሟም እንክብሉን ወዲያው አስቆማት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ እባካችሁ እንዲህ ያለውን ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ።

አኩፓንቸር (በቀጫጭን መርፌ የሚሰጠው ሕክምና) ግን በጣም ረድቷታል። ሌሊት እንቅልፍ መተኛት ጀምራ ነበር። ሐኪሟም ተስማምቷል። የቸገረን ክፍያው ነው። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሥር ለሰደደ የታችኛው ወገብ ሕመም በ90 ቀን ውስጥ እስከ 12 ጊዜ ይሸፍናል፤ ለውጥ ከታየ 8 ይጨምራል። ነገር ግን የአኩፓንቸር ባለሙያው ራሱ ሜዲኬርን ማስከፈል አይችልም። በሐኪም ወይም በነርስ ፕራክቲሽነር ክትትል ሥር መሥራት አለበት። እኛ የሄድንበት ቦታ ይህ ስለሌለ ሜዲኬር አልከፍልም አለ። ሌሎች ጋ ብደውልም መልሳቸው ከኪሳችሁ ክፈሉ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ባለው አካባቢ፣ በሐኪም ክትትል አኩፓንቸር የሚሰጥና ሜዲኬር የሚቀበል ክሊኒክ የምታውቁ አላችሁ?