«አዲት»ን በአማርኛ ምን እንበላት?

ጥያቄ፦ ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። በእንግሊዝ አገር ስላለው ስለ ኮርንዎል የቆርቆሮ ማዕድን እየተረጎምኩ አንዲት ቃል አስቸግራኛለች፤ «አዲት»። ከላቲን የመጣች ናት፤ «መግቢያ» ማለት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያቆረው ውሃ በራሱ እንዲወጣ ከሸለቆው ወደ ተራራው ሆድ የሚቆፈር ዋሻ ነው። «ቦይ» ልበላት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቦይ ሰማይ ያየዋል። ይሄ ከመሬት በታች ነው። ደግሞ «ቆርቆሮ» ስትል አንባቢህ የጣሪያ ክዳን ነው የሚታየው። እሱ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። የኮርንዎሉ ከመዳብ ጋር ቀልጦ ነሐስ የሚሆነው ነው፤ ሕዝቅኤል 27፥12 ላይ ከብርና ከእርሳስ ጋር የተጠራው። አንዴ አብራራውና ቀጥል።

ሌላ መልስ፦ ቆርቆሮ ካላችሁማ «አሸንዳ» በሏት፣ ሃሃ። ከምር ግን ገበሬው ጥቁር አፈር ላይ ውሃ ሲተኛበት ምን ያደርጋል? ያጠነፍፋል። እኔ «ማጠንፈፊያ ዋሻ» እላለሁ።

መልስ፦ «ማጠንፈፊያ» ተመችቶኛል። ግን አዲቷ ከእሷ በታች ያለውን ውሃ አታወጣም። እሱ በፓምፕ ይሳባል። ፓምፑም እስከ ላይ ድረስ አይለፋም፤ አዲቷ ጋ ካደረሰው ቀሪውን ቁልቁለቱ ይጨርሰዋል። ኮርንዎል የራሷ ከሰል አልነበራትም፤ ለእንፋሎት ሞተሮቹ ከዌልስ በመርከብ ነበር የሚመጣላት። እያንዳንዱ ሜትር ገንዘብ ነው። በ1748 እ.ኤ.አ. የተጀመረችው ታላቋ አዲት ከነቅርንጫፎቿ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነችው ወደው አይደለም። ስለዚህ ሁለት ግስ ያዝ፤ በፓምፕ ሲሆን «መሳብ»፣ በአዲት ሲሆን «ማጠንፈፍ»። ከቀላቀልካቸው አንባቢው አዲቷ ለምን እንደተቆፈረች አይገባውም።

ጠያቂው፦ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ። ሳውዝ ክሮፍቲ የሚባለው የኮርንዎል የቆርቆሮ ማዕድን በ1998 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፣ ፓምፑ ቆመ፣ ውሃው ሞላ። «ልፋታቸውን ውሃ በላው» ብል ያምርብኛል?

መልስ፦ ያምራል፤ ግን መጀመሪያ የበላው የቆርቆሮ ዋጋ መውደቅ ነው። ውሃው የመጣው ሰው ከወጣ በኋላ ነው። ዊል ጄን የሚባለውን ሌላውን የኮርንዎል ማዕድን ደግሞ እይ። በ1991 እ.ኤ.አ. ፓምፑ ቆመ። በ1992 መጀመሪያ የአንዷ አዲት መድፈኛ ፈነዳ። አሲድና ብረት የተሞላ ውሃ ወንዙ ውስጥ ተለቀቀ፤ እስከ ባሕሩ አፍ ድረስ ብርቱካን መሰለ። እዚያ ጋ ስትደርስ «ውሃ በላው» አትበል። «ማዕድኑ ውሃውን ተፋው» በል።