ለተመለሰ የጉበት ካንሰር የትኛው ሕክምና ይቅደም?

አባቴ በሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ሳቢያ የያዛቸው የጉበት ካንሰር በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው ከ14 ወራት በኋላ፣ በሰሞኑ የሲቲ ስካን ምርመራ በቀረው ጉበታቸው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ አንድ አዲስ ዕጢ ታይቷል። እንዲህ ያለ ትንሽ ዕጢ በመርፌ በሚገባ ሙቀት ሊቃጠል እንደሚችል ባውቅም፣ ሐኪማቸው ግን ዕጢው ከትልቅ የደም ሥር አጠገብ ስላለ የሚፈሰው ደም ሙቀቱን እየወሰደ ጥቂት የካንሰር ሕዋሳት ሊተርፉ ይችላሉ ብለው አስረድተውናል። አባቴ ጠባሳቸውን በእጃቸው ሸፍነው «ዳግም አልቀደድም» ይላሉ፤ እኔም ላስገድዳቸው አልደፍርም። የጉበታቸው አሠራር ደህና ነው፤ የቫይረሱን መድኃኒትም አላቋረጡም። ተመሳሳይ ሁኔታ የገጠማችሁ ወይም በሙያው ያላችሁ፣ ዕጢውን በማይክሮዌቭ ሞገድ ሙቀት ማቃጠል፣ በደም ሥር በኩል ዕጢው ድረስ የሚሰጥ ኬሞቴራፒ ወይስ የጉበት ንቅለ ተከላ ይሻላል ትላላችሁ? ለሐኪማቸውስ በቀጣዩ ቀጠሮ የትኛውን ጥያቄ ላስቀድም?